«የቱ ፊደል ነው?» ስለ ቻይና ካሊግራፊና ስለ ጋለሪ ሕንጻዎች በስህተት የሚታሰቡ ነገሮች

አንድ ጋለሪ ወይም ሙዚየም «መነሻው የቻይና ካሊግራፊ (በብሩሽና በቀለም የመጻፍ ጥበብ) ነው» ሲባል ብዙ ሰው ፎቶውን እያገላበጠ ማየት ይጀምራል። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «የቱ ፊደል ነው?» ምንም ፊደል ሲያጣ «አቤት የአርክቴክት ወሬ!» ብሎ ያልፋል። አርክቴክቶች አንዳንዴ ወሬ ማብዛታቸው እውነት ነው። እዚህ ላይ ግን የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

«ሕንጻው ፊደል መምሰል አለበት»

የለበትም። ቻይና ውስጥ ያለውን የሱዡ ከተማ ሙዚየም እንይ። ንድፉ የአይ. ኤም. ፔይ ነው። ፓሪስ ሉቭር ግቢ ውስጥ ያለውን የመስታወት ፒራሚድ የሰራው ሰውዬ ማለት ነው። ሱዡ የቤተሰቡ አገር ናት። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከፈት ፔይ 89 ዓመቱ ነበር።

ግቢው መሃል ኩሬ አለ። ከኩሬው ማዶ ረጅም ነጭ ግድግዳ ይታያል። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሌላ ግቢ ነው፤ በሚንግ ዘመን የተሰራ ዝነኛ የአትክልት ስፍራ። ከግድግዳው ስር ደግሞ ከሻንዶንግ የመጡ፣ በመጋዝ ተሰንጥቀው የሳሱ ድንጋዮች ቆመዋል። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ራቅ ብሎ ለሚያያቸው ድንጋይነታቸው ይጠፋል። ነጩ ግድግዳ ጉም ይሆናል፣ ድንጋዮቹም በቀለም የተሳለ የተራራ ሰንሰለት ይሆናሉ። ሃሳቡም ይኸው ነው፦ ግድግዳው ወረቀት፣ ድንጋዩ የብሩሽ ምት። በጠቅላላው ግቢ ውስጥ ፊደል የሚመስል ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም።

«ይሄማ ስዕል ነው፣ ካሊግራፊ ምን አገናኘው?»

ፔይ ለድንጋዮቹ መነሻ ያደረገው የሚ ፉን የተራራ ስዕሎች ነው። ሚ ፉ (1051–1107) በሶንግ ዘመን የኖረ ሰዓሊ ነበር። ስሙ ይበልጥ የገነነው ግን በካሊግራፊ ነው። ቻይና ውስጥ ሁለቱ በአንድ ብሩሽ፣ በአንድ ቀለምና በአንድ ወረቀት ይሰራሉ። ለይተን የምናያቸው እኛ ነን።

«ባዶ ግድግዳ ያላለቀ ስራ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ዋና ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። በቺንግ ዘመን የነበረው ካሊግራፈር ዴንግ ሺሩ ሃሳቡን ባጭሩ አስቀምጦታል፦ ነጩን እንደ ጥቁሩ ቁጠረው። ጸሐፊው ብሩሹን ሲያሳርፍ የሚያየው ጥቁሩን ምት ብቻ አይደለም። በሁለት ምቶች መካከል የሚቀረው ነጭ ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ? ይተነፍሳል ወይስ ታፍኗል? ፊደሉ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሕንጻ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሱዡ ሙዚየም ውስጥ ስትሄዱ ግድግዳው ለረጅም ርቀት ባዶ ይሆንባችኋል። ምንም አልተሰቀለበትም። ድንገት ባለ ስድስት ጎን መስኮት ይመጣል፤ ከመስኮቱ ውጪ የቀርከሃ ዘለላ ይታያል። ያ ሁሉ ባዶ ግድግዳ ባይኖር ቀርከሃውን ዞር ብላችሁም አታዩትም ነበር። የእኛ አገር አንዳንድ ኤግዚቢሽኖች ይህን ቢለምዱ ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ቦታ ስዕሉ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጨናንቆ ነው የሚሰቀለው።

«ጥቁርና ነጭ የሆነው ቀለምና ወረቀት ለመምሰል ነው»

በከፊል ብቻ። ነጭ ግድግዳና ጠቆር ያለ የሸክላ ክዳን የሱዡ አካባቢ ቤቶች የኖረ መልክ ነው። ፔይ የለወጠው ክዳኑን ነው፤ በሸክላው ፋንታ ግራጫ ግራናይት አለበሰው። ድንጋዩ ዝናብ ሲነካው ይጠቁራል። ስለዚህ በዝናብ ቀን ሕንጻው አዲስ ቀለም እንደተቀባ ጽሑፍ ይሆናል።

«ካሊግራፊ ማለት ቆንጆና እንከን የሌለው የእጅ ጽሕፈት ነው»

ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት በምላጭ ፍቆ ያርማል። የቻይናው ወረቀት ግን ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል። ብሩሹ አንዴ ካረፈ አረፈ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የእጁ ጉዞ ነው፤ የት እንደፈጠነ፣ የት እንዳመነታ፣ የት ቀለሙ እንዳለቀበት።

በካሊግራፊ ታሪክ ቁንጮ የሚባለው የዋንግ ሺዢ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ353 ከወዳጆቹ ጋር ወይን እየጠጡ ግጥም በገጠሙበት የጸደይ ቀን የተጻፈ ነው። 28 መስመር አለው። ዋናው ጠፍቶ ዛሬ የምናየው ቅጂዎቹን ነው። ቅጂዎቹ ላይ የተሰረዙና የታረሙ ቃላት ጭምር አሉ። ገልባጮቹ አላስተካከሏቸውም፣ ስርዙን ከነስርዙ ገለበጡት።

ይህን ይዛችሁ የዋንግ ሹን ሕንጻ ተመልከቱ። ዋንግ ሹ እ.ኤ.አ. በ2012 ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ያገኘና ራሱም ካሊግራፊ የሚጽፍ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው፣ ቻይና ኒንግቦ ከተማ ያለው ሙዚየሙ የታሪክ ሙዚየም እንጂ የስዕል ጋለሪ አይደለም፤ ግን ግድግዳው ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከፈረሱ መንደሮች በተለቀሙ አሮጌ ጡቦችና የጣሪያ ሸክላዎች ነው የተገነባው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። መስመሩ ቀጥ አይልም። የግንበኛው እጅ የት እንደሄደ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የውጭ አርክቴክት አይገባውም»

ፈረንሳዊው ዣን ኑቬል ለቤጂንግ አዲሱ ብሔራዊ የስዕል ሙዚየም የተደረገውን ውድድር አሸንፏል፤ እነ ዛሃ ሃዲድና ፍራንክ ጌሪን የመሳሰሉ ስመ ጥር አርክቴክቶችም ተወዳድረው ነበር። የንድፉ መነሻ አንዲት የቀለም ምት ናት። ልብ በሉ፣ እሱም ፊደል አይደለም የመረጠው።

«ጋለሪ እስከሆነ ድረስ ብርሃን ቢሞላበት ጥሩ ነው»

ለካሊግራፊ አይሆንም። ወረቀትና ሐር በብርሃን ይጎዳሉ። ሙዚየሞች እንዲህ ያለ ስራ የሚያሳዩት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ጥቂት ጊዜ አሳይተውም ወደ መጋዘን ይመልሱታል። ፔይ ደግሞ ብርሃን ወዳድ ነበር፣ ከሱዡ ሙዚየም ጣሪያ ከፊሉን መስታወት አደረገው። ከመስታወቱ ስር እንጨት የሚመስሉ ስስ የብረት ዘንጎች ደረደረበት። ፀሐይዋ በእነሱ ተወንፍታ፣ እንደ መስመር ተሰምራ ነው ግድግዳው ላይ የምታርፈው።

«ካሊግራፊው ለሕንጻው የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው»

ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሱዡ ላይ ግን አንድ ሐረግ አለ። በጸደይ ሐምራዊ አበባ የሚያንዠረግግ፣ ዊስቴሪያ የሚባል። የከተማዋ ታላቅ ሰዓሊና ካሊግራፈር ዌን ዠንግሚንግ (1470–1559) በእጁ ተከለው የሚባል አሮጌ ዊስቴሪያ ከሙዚየሙ አጠገብ አለ። ፔይ ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆርጦ አዲሱ ግቢ ውስጥ ከተተከሉት ዊስቴሪያዎች ላይ አዳቀለው። የሙዚየሙ ሱቅ የዚያን አሮጌ ዛፍ ዘር ይሸጣል። ሦስት ፍሬ በአንድ ሳጥን።