የወሎ ዶሮ ላባ ቀለሞች

የአገር ዶሮ በወሎ ገበያ የምትጠራው በላባዋ ነው። «ያቺን ቀይ አምጣት»፣ «ገብስማውን ስንት አልከው?» ይባላል እንጂ ዝርያ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ወሎ ሲባል የዛሬዎቹ ሰሜንና ደቡብ ወሎ፣ እንዲሁም ባቲንና ከሚሴን የያዘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው።

ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ማብራሪያ አያሻቸውም። ከእነሱ ውጭ ያሉት መጠሪያዎች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ «ማ»ን አስከትለው ዶሮዋን ከሌላ ነገር ጋር ያመሳስላሉ፤ ገብስማ ከገብስ፣ ዝግርማ ከጅግራ፣ ቆቅማ ከቆቅ። ገብስማ ነጭና ጥቁሩ ተደባልቆ ግራጫ የሚመስል ነው። ዝግርማ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን፣ ቆቅማ ቡናማ ሽንትር ይታይበታል። ልበ ወርቅ ነጭ ገላ ኖሮት ደረቱ ወርቅ የተቀባ የሚመስለው ነው፤ ካሉት ስሞች ሁሉ የሚያምረውም እሱ ነው። ተተርማና ወሰራ የሚባሉ መጠሪያዎችም አሉ።

ቀለም በዋጋ ላይ ይሠራል፤ ይህም ዶሮ ከነነፍሱ ስለሚሸጥ ነው። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ደጅ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተዋዶ የሚኖርበት አገር ነው። ሆኖም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ዶሮው እግሩን ታስሮ እስከ ቤት ይሄዳል። ሰኞ ባቲ ወይም ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ የወጣ ሰው የገዢን እጅ ቢከታተል ሥርዓቱን ያያል። መጀመሪያ አንጠልጥሎ በእጁ ይመዝናታል። ቀጥሎ የደረቷን አጥንት ይዳስሳል። ከዚያ ላባዋን እፍ ብሎ ገልጦ ሥሩን ይመለከታል። ለበዓል ቀይ አውራ ተፈላጊ ነው። ነጭ ጫጩት ደግሞ ከሜዳው ለይቶ ጭልፊት ያያታል እየተባለ ለርቢ ማስቀረቱ ብዙም አይወደድም። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ሲገባ ግን ቀዩም ነጩም እኩል ያልቃል።

ዶሮ በቀለሙ ታዝዞ ለጭዳ የሚፈለግበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ሻጭ ዋጋ ይቆልላል። ልማዱን የሁለቱም ሃይማኖት አባቶች ያወግዙታል። ወሎን ከዚህ ነገር ጋር ብቻ አያይዞ የሚያወራ አይጠፋም፤ ሸዋም ጎንደርም ያለ ነገር ነው።

ሁለት ቀያዮች ነጭ ጫጩት ሲያስገኙ «የጎረቤት አውራ ነው» ይባላል። ዶሮው ሁሉ ልቅ ነውና መሆኑ አይቀርም። ሌላም መንገድ ግን አለ። የላባ ቀለም ከሁለት ማቅለሚያዎች ይመጣል፤ ጥቁሩ ኢዩሜላኒን፣ ቀዩ ፊዮሜላኒን ይባላል። ነጭነት ቀለም እንዳይወጣ የሚያግድ ዘረመል ውጤት ሲሆን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ዋይት ሌግሆርን የሚባለው የውጭ ዝርያ ነጭነት፣ አሸናፊ ነው፤ ከአንድ ወላጅ መውረሱ ይበቃል። ሁለተኛው ተሸናፊ ስለሆነ ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት። ስለዚህ ሁለት ቀያዮች ደብቀው የያዙትን ነጭ ለልጃቸው ሊያወርሱ ይችላሉ፤ ጎረቤትም በከንቱ ይታማል።

የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት መግባት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በዓለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። በወሎ በኩል ትልቁን ድርሻ የያዘው የኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው የውጭ ዝርያ በየገበሬው ደጅ የገባው በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ስትጥል የውጭዋ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ ቀለሟም ቀይ ስለሆነ ገበያው አልገፋትም። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው ሌላ የውጭ ዶሮ በኋላ መጣች። ዘሯ የተዳቀለው ወንዱና ሴቷ በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም እንዲለዩ ተደርጎ ነው፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጭ። አርቢው ራሱ ሊያራባት ሲሞክር ግን ጫጩቶቹ ዝንጉርጉር ሆነው ይወጣሉ፤ «አታለሉን» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።

ብዙ የሚያከራክረው ኮኮክ የሚባለው ዝርያ ነው። በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከተማ በ1950ዎቹ ከጥቁር አውስትራሎርፕና ከዋይት ሌግሆርን ዝርያዎች የተገኘ ሲሆን ላባው ነጭና ጥቁር መስመር አለው። መስመሩን የሚሰጠው ዘረመል ዜድ በሚባለው የጾታ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንዱ ሁለት ዜድ ስላለው ከሴቷ ነጣ ብሎ ይታያል፤ በአንድ ቀን ዕድሜውም አናቱ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ይለያል። ከሩቅ ሲያዩት ገብስማ ነው። ዛሬ ገብስማ ተብለው ከሚሸጡት ምናልባት ቀላል የማይባሉት የኮኮክ ደም አለባቸው፤ ገብስማ የሚለው ስም ግን ኮኮክ ከመምጣቱ በፊትም የነበረ ነው። አንዷን ላባ ነቅሎ ማየት ይረዳል። የኮኮክ መስመር ከሥር እስከ ጫፍ እንደ መሰላል እርከን ተራ በተራ ይሄዳል፤ የአገሩ ገብስማ ነጩና ጥቁሩ የተዘራ ይመስላል፣ ሥርዓት የለውም። የተዳቀለው ግን ሁለቱንም ስለሚይዝ ልምድ ያለው ነጋዴም ይሳሳታል።