ሚኒማው ለምን እዚሁ አዲስ አበባ አይሮጥም?

ሚኒማ ማለት አትሌቱ ለኦሎምፒክ ወይም ለዓለም ሻምፒዮና ለመግባት የሚያሟላው ሰዓት ነው። ለፓሪስ 2024 የወንዶች 10,000 ሜትር 27 ደቂቃ ነበር። ለከፍታ ቅናሽ የለውም፤ ሱሉልታም ሮጥክ ባህር ጠረፍ፣ ያው 27 ነው።

እስቲ አንድ ቀን ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ሄዳችሁ ቁሙ። ልጆቹ በብርዱ ተከታትለው ሲያልፉ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይወጣል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ የአተነፋፈሳቸው ድምፅ ከእግራቸው ኮቴ በላይ ይሰማል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም አንድ ነው። ግፊቱ ግን ከፍታ ላይ ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ያንሳል። ሰውነት ቀይ የደም ሴል እያበዛ ይለምደዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያካክሰውም።

በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማሞ ወልዴ ለጥቂት ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣበት 10,000 ሜትር በ29:27 ነው ያለቀው። የዓለም ክብረ ወሰን ያኔ 27:39 ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች!

በ2021 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ ማጣሪያችን ዝቅ ያለ ቦታ፣ ሆላንድ፣ ሄንግሎ ሲደረግ ለተሰንበት ግደይ እዚያው በ29:01.03 የሴቶች 10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ ግን አይመችም፣ ሙቀትም አለ። ዶሃ 2019 የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ ከ68ቱ የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው።