የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ምንድን ነው? ማዕድን ከመቆፈሩ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ

አንድ ኩባንያ ወርቅ አግኝቻለሁ ብሎ የማምረት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ከአዋጭነት ጥናቱ ጋር አንድ ሌላ ወፍራም ሰነድ ይዞ ይቀርባል። በሕጉ ቋንቋ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይባላል። የሰዎች ኑሮና ሰፈራም አብሮ ስለሚጠና ዛሬ ዛሬ «የአካባቢና ማኅበራዊ» ሲባል ይሰማል። ሰነዱ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ማዕድን ቢወጣ ውሃው፣ መሬቱ፣ አየሩና ነዋሪው ምን ይሆናሉ? ጉዳቱ እንዴት ይቀራል? ካልቀረስ ማን ይከፍላል?

ጥናቱ የሚጠቅመው ግን ዲዛይኑን ለመቀየር ጊዜ ሳለ ከተሠራ ነው። ጉድጓዱ፣ የድንጋይ ክምሩ፣ የዝቃጭ ግድቡ (ወርቁ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው የተፈጨ ድንጋይና ውሃ የሚጠራቀምበት)፣ መንገዱና ካምፑ የት እንደሚሆኑ ካርታው ላይ ከተሰመረና ማሽኑ ከታዘዘ በኋላ የሚጻፍ ጥናት፣ ያለቀ ውሳኔን አሳምሮ ከመጻፍ አያልፍም።

በኢትዮጵያ የጉዳዩ መሠረት በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ፈቃድ ሰጪውም ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ የተጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማልማት የሚውል ገንዘብና ለአካባቢው ማኅበረሰብ ልማት የሚደረግ ተሳትፎን ይጨምራል። ጥናቱን የሚያሠራውና የሚከፍለው ባለፕሮጀክቱ ራሱ ነው፤ አጥኚው ደመወዙን የሚያገኘው ከሚያጠናው ሰው ነው ማለት ነው። ይህ አሠራር በብዙ አገር ያለ ስለሆነ፣ ሰነዱን የሚመረምረው ወገን የት የት ገጽ ላይ መቆም እንዳለበት ማወቁ ወሳኝ ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩን እንይ። በአንድ ቶን ውስጥ 2 ግራም ወርቅ ያለበት ማዕድን ለክፍት ጉድጓድ መጥፎ የሚባል አይደለም። አንድ ኪሎ ወርቅ ለማግኘት፣ በማጣራቱ ምንም ባይባክን እንኳ፣ 500 ቶን ድንጋይ መፈጨት አለበት። ለእያንዳንዱ ቶን ማዕድን 5 ቶን ባዶ ድንጋይ የሚነሳ ከሆነ ሌላ 2,500 ቶን ይጨመራል። ወርቁ በሻንጣ ይሄዳል፤ 3,000 ቶኑ እዚያው ይቀራል። የማዕድን ማውጫ ዕቅድ ከግማሽ በላይ የተረፈ ድንጋይ ዕቅድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ድንጋይ ተከምሮ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል፣ ወርቅ የሚመስል የብረትና የድኝ ማዕድን ይኖርበታል። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ጉዳት የለውም። ተፈንቅሎ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም እንደ መዳብና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ከድንጋዩ እያሟሟ ወደ ጅረት ያወርዳል። አንዴ ከጀመረ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከቁፋሮው መቅደም አለበት።

ስሌቱ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው የሰልፋይድ ድኝ በመቶኛ ተወስዶ በ31.25 ይባዛል፤ ውጤቱ ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚወጣውን አሲድ ለማርከስ ስንት ኪሎ የኖራ ድንጋይ እንደሚያስፈልግ ይነግራል። 0.8 በመቶ ድኝ ካለው 25 ኪሎ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዩ በተፈጥሮው ያለው የማርከስ አቅም በላብራቶሪ ይለካና ለዚህ ቁጥር ይካፈላል። አቅሙ 15 ኪሎ ቢሆን ውጤቱ 0.6 ነው፤ ከ1 በታች ስለሆነ ድንጋዩ አሲድ ያመነጫል ተብሎ ይያዛል። 60 ኪሎ ቢሆን 2.4 ይሆናል፤ ከ2 በላይ ስለሆነ በአብዛኛው አያሰጋም። በ1ና በ2 መካከል ያለው አጠራጣሪ ነው። አጠራጣሪው ድንጋይ በየሳምንቱ እርጥበትና አየር እየተሰጠው፣ ከሥሩ የሚወርደው ውሃ እየተለካ ቢያንስ 20 ሳምንት ይፈተናል።

ይህ ሥራ የሚበላሸው ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም፤ ናሙና አወሳሰዱ ላይ ነው። የፍለጋው ቡድን የሚያስበው ስለ ወርቅ ነውና ወደ ምርመራ የሚልከው ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ብቻ ነው። የሚከመረው፣ ዝናብ የሚመታው ባዶው ድንጋይ ሳይፈተን ይቀራል። ሌላው ስህተት ጊዜን የሚመለከት ነው፦ 20 ሳምንት የሚፈልገው ፈተና ሰነዱ ሊገባ 2 ወር ሲቀረው ይጀመርና ሪፖርቱ «ውጤቱ ወደፊት ይቀርባል» ይላል። ያ «ወደፊት» የክምሩ ቦታ ከተመረጠ በኋላ ነው።

ወደ ውሃው እንምጣ። ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ መነሻ መረጃና የውሃ ሚዛን።

መነሻ መረጃ ማለት ማዕድኑ ከመጀመሩ በፊት የወንዙ፣ የምንጩና የጉድጓዱ ውሃ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ነው። በጋውንም ክረምቱንም እንዲይዝ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይለካል፤ ከታቀደው ቦታ በላይም በታችም። ወርቅ ባለበት አካባቢ አርሴኒክ የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። አንድ ምንጭ ማዕድን ሳይቆፈር በፊትም 0.03 ከነበረ፣ መዝገብ ከሌለ ከ10 ዓመት በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም ሊፈርድ አይችልም። መረጃው ገበሬውንም ኩባንያውንም ያድናል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በጉጂ የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ የታገደው ነዋሪዎች በጤናችንና በከብቶቻችን ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ ዳኛም ሐኪምም ቀድመው የሚጠይቁት «በፊትስ?» ብለው ነው።

የውሃ ሚዛን ደግሞ ወደ ግድቡ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ መደመርና መቀነስ ነው። የተፈጨው ድንጋይ ወርቁ በሳያናይድ፣ ወርቅ በሚያሟሟው መርዛማ ኬሚካል፣ ከተወሰደለት በኋላ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ በቱቦ ወደ ዝቃጭ ግድቡ ይገባል። ዓለም አቀፉ የሳያናይድ አያያዝ ደንብ በግድቡ ክፍት ውሃ ላይ በቀላሉ የሚለቀቀው ሳያናይድ በሊትር ከ50 ሚሊግራም ካለፈ ከብትና የዱር እንስሳ እንዳይደርስበት መከላከያ እንዲደረግ ይጠይቃል። ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ከሆነ ከ0.5 መብለጥ የለበትም። አብዛኛው ዕቅድ ግን «አንለቅም፤ ውሃው ዞሮ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል» ይላል። ሲሰማ ጥሩ ነው። በሩማኒያ ባያ ማሬ የነበረው ፋብሪካም እንዲሁ ውሃ የማይለቅ ተብሎ የታቀደ ነበር፤ ትርፍ ውሃ በድንገት ሲመጣ የሚወጣበት መንገድ ግን አልተዘጋጀለትም። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000 ዝናቡና የቀለጠው በረዶ ግድቡን አፈረሰው። ሳያናይድ ያለበት 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ወደ ሶሜሽና ወደ ቲሳ ወንዞች ገብቶ ሃንጋሪን አቋርጦ ዳኑብ ደረሰ፤ ዓሣውን ፈጀው።

ያንን መጠን ለማሰብ፦ 100 ሄክታር ስፋት ያለው ተፋሰስ ላይ በአንድ ቀን 100 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥልና ሁሉም ወደ ግድቡ ቢወርድ፣ ልክ 100,000 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ የወር አማካይ ዝናብ ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ሲቀርብ መመለስ አለበት። ግድብ የሚያፈርሰው አማካዩ ሳይሆን አንዱ ክፉ ቀን ነው። ዝናብ በሚበረታባቸው የደቡብና የምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ይህ ገጽ ከሁሉም በፊት ሊነበብ ይገባል።

አቧራ፣ ጩኸትና የድማሚት ንዝረትም ይጠናሉ። መፍትሔያቸው የታወቀ ስለሆነ (መንገድ ማርጠብ፣ የፍንዳታ ሰዓት መወሰን፣ ከቤቶች መራቅ) ብዙ ጊዜ የሪፖርቱን ግማሽ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ከባዱ ጉዳይ ቀሊሉ በተጻፈበት ገጽ ብዛት ይሸፈናል።

ለእኛ የሰነዱ ልብ «አማራጮች» የሚለው ምዕራፍ ነው። ግድቡ ሌላ ሸለቆ ላይ ቢሆንስ? ዝቃጩ ውሃው ተጨምቆ ደረቅ ሆኖ ቢከመርስ? ካምፑ ከኮረብታው ማዶ ቢሠራስ? ብራዚል ውስጥ በብሩማዲንዮ የብረት ማዕድን ማውጫ የሠራተኞቹ ካፍቴሪያና የአስተዳደር ቢሮው ከ86 ሜትር ከፍታ የዝቃጭ ግድብ በታች፣ ዝቃጩ በሚወርድበት አቅጣጫ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 ከቀኑ 6፡28 ላይ ሰዉ ምሳ እየበላ ሳለ ግድቡ ተደረመሰ። የማስጠንቀቂያው ሳይረን አልጮኸም። 270 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ከወራት በፊት አስተማማኝ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። የግድቡ መደርመስ የምህንድስና ጥፋት ነው፤ ካፍቴሪያው እዚያ መሆኑ ግን የካርታ ውሳኔ ነው። ከዚህ አደጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ ስታንዳርድ ግድቡ ቢፈርስ ዝቃጩ የት ድረስ እንደሚደርስ አስቀድሞ እንዲጠና ይጠይቃል። የምትመረምሩት ሰነድ ውስጥ ያ ካርታ ከሌለ ወይም ካርታው ላይ ቤቶች ካልታዩ ጥናቱ ጎዶሎ ነው።

ሕጋዊ ፈቃድ መያዝም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ በጁካን ሸለቆ ያሉ የዋሻ መጠለያዎችን በድማሚት አፈረሰ። ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው የኖረበት አንዱ መጠለያ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው። በኋላ በፓርላማው ምርመራ እንደታየው ለጉድጓዱ 4 አማራጮች ነበሩ፤ 3ቱ ዋሻዎቹን የማይነኩ። የመሬቱ ባለቤቶች የሆኑት ነባር ሕዝቦች ግን ስለ ሌሎቹ አማራጮች አልተነገራቸውም። ዋና ሥራ አስኪያጁም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ይህ ወደ ምክክር ይወስደናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። በተግባር ግን ብዙ ሪፖርቶች ላይ የሚታየው የስብሰባ ፎቶና የፊርማ ዝርዝር ነው፤ ያ የሚያረጋግጠው ሰው መምጣቱንና ምናልባትም አበል መቀበሉን ነው። መታየት ያለበት ቃለ ጉባኤው ነው፦ ማን ምን ጠየቀ? ምን ተመለሰለት? ከስብሰባው በኋላስ ካርታው ላይ ምን ተቀየረ? ምንም ካልተቀየረ ምክክሩ ማስታወቂያ ነበር። ቋንቋውም የአካባቢው መሆን አለበት፤ ጊዜውም የእርሻ ሥራ የማይበዛበት። ሴቶች ብዙ ጊዜ ከሽማግሌዎች ፊት ስለማይናገሩ ለብቻ ይሰብሰቡ።

ለማዕድኑ ሲባል ከመሬታቸው የሚነሱ ሰዎች ሲቆጠሩ አንድ ቀን ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት ካሳ አያገኝም። ቀኑ በየቀበሌው በግልጽ ካልታወጀ ሁለት ነገር ይመጣል፦ በአንድ ሌሊት የሚቆም የካሳ ጎጆና፣ ለዓመታት ጣሪያውን ሳያድስ «ትነሳለህ» እየተባለ የሚጠብቅ እውነተኛ ነዋሪ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ አርሶ አደር ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ ደንግጓል። ቁጥሩ ከድሮው የተሻለ ነው። ክፍተቱ ይዞታ የሌለው ገቢ ላይ ነው። በጉጂም ሆነ በቤኒሻንጉል ከወንዝ ዳር ወርቅ በገበቴ አጥባ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት የመሬት ደብተር የላትም። ኩባንያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታጠረው ግን የእሷ ወንዝ ዳር ነው። የጋራ ግጦሽ፣ የደን ማርና የውሃ መቅጃ መንገድም እንዲሁ ናቸው። የኑሮ ቆጠራው ከደብተሩ አልፎ የቤተሰቡን ገቢ በየምንጩ ካልመዘገበ እነዚህ ሰዎች በሪፖርቱ ውስጥ የሉም። ካሳው በባልና በሚስት የጋራ ሒሳብ መግባቱም መጻፍ ያለበት ዝርዝር ነው።

ሥራ ፈላጊም ይጎርፋል፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ፍቱን ዘዴ ቅጥር በማዕድኑ በር ላይ እንዳይደረግ መወሰንና ምዝገባውን ራቅ ባሉ ከተሞች ማድረግ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚጻፈው፣ መጀመሪያ መነበብ ያለበት፣ የመዝጊያው ምዕራፍ ነው። በካናዳ የሎውናይፍ ከተማ አጠገብ ያለው ጃያንት የወርቅ ማዕድን ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከስር ከመሬት በታች 237,000 ቶን የአርሴኒክ ብናኝ ትቶ ሄደ፤ ጽዳቱን ዛሬም የሚከፍለው የካናዳ ሕዝብ ነው። የመዝጊያ ወጪ ግምት ብዙ ጊዜ በ3 መንገድ ይታመማል። ኩባንያው በራሱ ማሽንና ሠራተኛ እንደሚሠራው ታስቦ ይሰላል፤ ሲከስር ግን ሥራው በተቋራጭ ዋጋ ይሆናል። በብር ይተመንና ዓመታት ሲያልፉ ዋጋው ይሟሽሻል። ሦስተኛው፣ ገንዘቡ በኩባንያው የሒሳብ መዝገብ ላይ ብቻ «ተይዟል» ይባላል፤ ኩባንያው ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል። ግምቱ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ መከለስ፣ ገንዘቡም ከኩባንያው ውጭ፣ ለምሳሌ በባንክ ዋስትና መልክ፣ መቀመጥ አለበት። በየትኛው ባንክ፣ በማን ስም፣ በየትኛው ገንዘብ እንደተቀመጠና መንግሥት ያለ ኩባንያው ፊርማ ማውጣት መቻሉን የማይናገር ሰነድ ቢያጋጥማችሁ፣ ሌላውን ገጽ ሳትገልጡ ለአመልካቹ መመለስ ትችላላችሁ።