ተጫዋቹን የሚያጠና የስሎት ጨዋታ አሠራር፦ በድሬዳዋ ምሳሌ

ስሎት ተጫዋቹ ገንዘብ መድቦ ቁልፍ ሲጫን ምስል የተደረደረባቸው ሪሎች ዞረው የሚቆሙበት፣ መስመሩ ላይ የገጠሙት ምስሎችም ክፍያውን የሚወስኑበት የቁማር ጨዋታ ነው። ድሮ በእጅ የሚጎተት የብረት ሣጥን ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ ግን የሚታወቀው በስልክ ነው። ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው በቴሌብር ገንዘብ አስገብቶ በአውራ ጣቱ ያዞራል። «ብዙ በልቷል፣ አሁን ይተፋል» ማለት የተጫዋች ወግ ነው፤ ወጉ ግን ስህተት ነው። በአግባቡ በተሠራና በተመረመረ ጨዋታ አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። የአሜሪካዋ ኔቫዳ ደንብ እንዲያውም ማሽኑ እስካሁን ምን ያህል እንዳስቀረ አስልቶ የክፍያ ሠንጠረዡን በራሱ እንዳይቀይር ይከለክላል። ተጫዋቹን ያጠናል የሚባለው ጨዋታ የሚለውጠው ዕጣውን ሳይሆን በዕጣው ዙሪያ ያለውን ነው፦ ፍጥነቱን፣ ድምፁን፣ ስጦታውንና ስጦታው የሚመጣበትን ሰዓት።

ሠንጠረዡ

ሥራው የሚጀመረው ከሥዕል ሳይሆን ከሒሳብ ነው። የድሬዳዋን ልብስ የለበሰ ትንሽ ምሳሌ እንሥራ። ሦስት ሪሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 20 ማቆሚያ፣ ማለትም ምስል የሚቀመጥበት ቦታ፣ አላቸው። በየሪሉ ላይ ባቡር 1፣ ግመል 3፣ ዘይቱን 4፣ ማንጎ 5፣ ፓፓያ 7 ጊዜ ተቀምጧል። ሊወጣ የሚችለው አገጣጠም 20 በ20 በ20፣ ማለትም 8,000 ነው። ሦስት ባቡር በ1 መንገድ ብቻ ይወጣል፤ የመደቡን 1,000 እጥፍ ይክፈል። ሦስት ግመል በ27 መንገድ ወጥቶ 40 እጥፍ፣ ሦስት ማንጎ በ125 መንገድ 12 እጥፍ፣ ሦስት ፓፓያ በ343 መንገድ 7 እጥፍ ይክፈሉ። ዘይቱን በመጀመሪያው ሪል ላይ ከወጣ (1,600 መንገድ) መደቡን ብቻ ይመልስ። ሁሉም ተባዝቶ ሲደመር 7,581 ይሆናል፤ ለ8,000 ሲካፈል ተመላሹ፣ ማለትም ከተመደበው ገንዘብ በረጅም ጊዜ ለተጫዋቾች የሚመለሰው ድርሻ፣ 94.76 በመቶ ነው።

«ያሸነፈ» የሚባለው ዙር 26 በመቶ ያህል ነው። ከአራት አሸናፊ ዙሮች ሦስቱ ግን ዘይቱን ናቸው፤ መብራቱ ይበራል፣ ሳንቲሙ ይንሿሿል፣ ኪሱ ግን እንደነበረ ነው። ብዙ መስመር ባለው ጨዋታ ይህ ይብሳል፦ በ20 መስመር ላይ በየመስመሩ 1 ብር፣ በጠቅላላው 20 ብር መድቦ 6 ብር ያገኘ ሰው 14 ብር ተበልቶ ጭብጨባ ይሰማል።

ተመላሹ 94.76 በመቶ ነው ማለት መቶ ብር ይዞ የመጣ ሰው 94 ብር ከ76 ሳንቲም ይዞ ይሄዳል ማለት አይደለም። ከተመላሹ 12.5ቱ በመቶ ባቡሩ ላይ ተጭኗል። ባቡሩ ላልመጣለት ሰው ተመላሹ 82.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሰው 100 ብሩን በ5 ብር መደብ ቢያዞር በአማካይ 113 ዙር ላይ ያልቅበታል፤ በደቂቃ 10 ዙር ከሄደ 11 ደቂቃ መሆኑ ነው። አሁን ባቡሩን 3,000 እጥፍ፣ ፓፓያን 1 እጥፍ እናድርግ። ተመላሹ ወደ 94.04 በመቶ ብቻ ዝቅ ይላል፤ ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ባቡሩን ያላየው ሰው ግን 46 ዙር ላይ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ባዶ እጁን ይቀራል። ሰው የሚቆየውም የሚሸሸውም በዋናነት እዚህ ጋ ነው፤ ሞዴል፣ ማለትም የተጫዋቹን ጠባይ ከመዝገብ ተምሮ የሚገምተው ፕሮግራም፣ እና ስጦታ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ሠንጠረዡ ትክክል ሆኖ ኮዱ ሊያበላሸው ይችላል። የታወቀው ስህተት ከ0 እስከ 255 ያለን የዘፈቀደ ቁጥር ለ20 አካፍሎ ቀሪውን እንደ ማቆሚያ መውሰድ ነው። 256 ለ20 እኩል ስለማይካፈል የመጀመሪያዎቹ 16 ማቆሚያዎች 13፣ የመጨረሻዎቹ 4 ደግሞ 12 ዕድል ያገኛሉ። መፍትሔው ከ240 ጀምሮ ያለውን ቁጥር ጥሎ እንደገና ማውጣት ነው። ይህን ለመያዝ 10,000 ዙር መሞከር አይበቃም፤ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ በዚያ ልክ የሚገኘው ውጤት ከእውነተኛው ተመላሽ 23 የመቶኛ ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወዛወዝ ይችላል። አንድ ሚሊዮን ዙር ወደ 2.3፣ መቶ ሚሊዮን ዙር ወደ 0.23 ነጥብ ያጠብበዋል።

የዓይን ነገር

ስክሪኑ ከመስመሩ በላይና በታች ያለውንም ምስል ያሳያል። ስለዚህ ባቡሩ መስመሩ ላይ የሚቆመው ከ20 አንዴ ቢሆንም ዓይን የሚያየው ከ20 ሦስቴ ነው። ሦስቱም ባቡሮች በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከሚታዩባቸው 27 አገጣጠሞች 26ቱ «ለትንሽ አመለጠኝ» የሚያሰኙ ናቸው። ይህ ያለ ምንም ማጭበርበር የሚመጣ ነው። ከዚህ የባሰውን መንገድ የከፈተው ኢንገ ቴልናስ የተባለ የፈጠራ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሚታየው ሪል በላይ ብዙ ማቆሚያ ያለው የማይታይ ሪል ይዞ ዕጣውን ከዚያ ያወጣል። 22 ማቆሚያ ያለው ሦስት ሪል 10,648 አገጣጠም ሲኖረው፣ ወደ 64 ሲሰፋ 262,144 ይሆናል። ከባቡሩ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ብዙ ድርሻ ከተሰጠው ባቡሩ በየጊዜው ጥግ ላይ ብቅ እያለ ያልፋል።

ማጥናቱ

ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን ከሩቅ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር፣ መደቡን፣ በሁለት ዙር መካከል ያለፈውን ሰከንድ፣ ገንዘብ የተጨመረበትን ሰዓትና ሰውየው የወጣበትን ዙር ይመዘግባል። ሞዴሉ ከዚህ የሚገምተው ሰውየው ሊወጣ ነው ወይስ ይቆያል የሚለውን ነው። ሊወጣ ነው ለተባለው 10 ነፃ ዙር ብቅ ይልለታል፤ ለቸኮለው ሪሉ ቶሎ ይቆምለታል፤ ለሰለቸው ሌላ ጨዋታ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣለታል። ተጫዋቾች በዘፈቀደ ተከፋፍለው የተለያየ ስጦታ ይቀርብላቸውና ይበልጥ ያቆየው ድርሻው ይሰፋል።

ብልሽቱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። ደቂቃ አብዛ የተባለ ሞዴል ማቆም ያቃተውን ሰው ምርጥ ደንበኛ ብሎ ይመድበዋል። የተበላውን ለማስመለስ መደብ መጨመር፣ ሌሊቱን ማዞር፣ ገንዘብ ላውጣ ብሎ ጠይቆ መሰረዝ ለሞዴሉ መልካም ዜና፣ ለሐኪም ደግሞ የሕመም ምልክት ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ሰውየውን ከስጦታው ዝርዝር የሚያስወጣ ትእዛዝ ከሞዴሉ ውጭ ካልተጻፈ፣ ሞዴሉ በራሱ አይማረውም።

ድሬዳዋ ላይ መዝገቡ ራሱ ያሳስታል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ «ሰልችቶት ወጣ» ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ስልክ ሦስት ሰው ሲቀባበለው መደቡ ላይ ታች ያለ እብድ ተጫዋች ይመስላል፤ ለውርርድ የተቀመጠው የ21 ዓመት የዕድሜ ገደብም ታናሽ ወንድም የታላቁን ስልክ ሲይዝ ትርጉም ያጣል። በረመዳን የከተማው የእንቅልፍና የጨዋታ ሰዓት ስለሚገለበጥ ባለፈው ወር የተማረው ሞዴል ሌሊት የነቃውን ሁሉ በአንድ ዓይን ያያል።

ኔትወርክ ዙሩ መሃል ላይ ሲቆረጥ ሌላ ጣጣ አለ። ውጤቱ ሪሉ መዞር ሳይጀምር ሰርቨሩ ላይ ተወስኖ መጻፍ አለበት፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ለዙሩ የራሱ መለያ ቁጥር ካልተሰጠው ስልኩ ጥያቄውን ሲደግም መደቡ ሁለቴ ይቆረጣል። «ቴሌብሬን በላብኝ» የሚለው ክርክር አንዳንዴ መነሻው ይኸው ነው።

ሕጎች

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የግል ድርጅቶችን የስሎት ማሽኖች ጠቅላላ አንሥታ፣ በኋላ በግል ካርድና በኪሳራ ጣሪያ ብቻ የሚሠሩ ማሽኖችን በመንግሥት ኩባንያዋ በኩል አስገባች። ብሪታንያ ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ስሎት አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስ፣ በራሱ የሚያዞር ቁልፍ እንዳይኖር፣ ከመደቡ ያልበለጠ ተመላሽ በድምፅና በብርሃን እንዳይደመቅ ደነገገች። በዚህ ደንብ የእኛ ዘይቱን ዝም ማለት አለበት። ደንቡን ኮድ ላይ ሲያውሉት የሚሳሳቱት ተመላሹን ከአንዱ መስመር መደብ ጋር ማነጻጸር ነው፤ ቀደም ባለው የ20 መስመር ምሳሌ 6 ብሩ ከአንዱ መስመር 1 ብር በለጠ ተብሎ ሳንቲሙ ይንሿሿል። መነጻጸር ያለበት ከጠቅላላው 20 ብር ጋር ነው።