እርሾ አስቀርታችኋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንደምን ሰነበታችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሊጥ ነው።

ባለፈው ወር በ21 የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። ቤታችን ደሴ ነው። አራት ልጆች፣ አማቴ፣ ኮምቦልቻ ሥራ ውሎ ሲመሽ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ባለቤት፣ እኔም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ የምውል ነኝ። ከዋዜማው ማታ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ተመልሶ ሳይጠፋ ብዬ እየተጣደፍኩ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስኩና ጀመርኩ። አንዱን በሰፌድ ሳወጣ፣ ሌላውን ስጋግር ነጋ። ዓይኑ ፍንትው ያለ፣ ጠርዙ ያልተሰነጠቀ፣ የሚያምር እንጀራ ወጣልኝ። የመጨረሻዋን ሊጥ በእጄ ጠርጌ ጋገርኩ፣ ቡሃቃውን አለቅልቄ ፀሐይ ላይ ደፋሁት።

አማቴ የዘወትር ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ማድ ቤት ብቅ አሉ። መሶቡን ገልጠው አዩና «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው «እርሾ አስቀርተሻል?» አሉ።

አላስቀረሁም።

ማኅበርተኛው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ። በዚያን ቀን ምንም አልጎደለም። የአማቴ ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣ ብሏል፤ ስለ እንጀራው ብቻ አልመሰለኝምና።

ማድ ቤት ገብታችሁ ለማታውቁ ወንድሞች ባጭሩ ላስረዳ። የጤፉ ዱቄት በወንፊት ይነፋል፣ በውሃ ይታሻል፣ ካለፈው ሊጥ የቀረ እርሾ ይጨመርበትና ተከድኖ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ቢጫ ውሃ ከላይ ይጠልላል። ውሃውን እንቀንስና ከሊጡ ጥቂት ወስደን በፈላ ውሃ አብሲት እንጥላለን፤ አብሲቱ ሲመለስበት ሊጡ ኩፍ ይላል፣ ያኔ ይጋገራል። እርሾው ታዲያ ካለፈው ዙር ተቀንሶ የተቀመጠ ነው፤ ያም ከዚያ በፊት ከነበረው፣ እንዲህ እያለ እስከ አያቶቻችን ቡሃቃ ይደርሳል። አንዷ ሴት አንድ ቀን ጠርጋ ከጋገረች እዚያው ይቆማል። ያለ እርሾ የታሸ ሊጥም ውሎ አድሮ ይቦካ ይሆናል፤ ግን ቀኑ ይረዝማል፣ ጣዕሙም እንዳጋጠመ ነው።

ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን የመሰላት በዚህ ነገር ነው። «መንግሥተ ሰማያት ሁሉ እስኪቦካ ድረስ ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችውን እርሾ ትመስላለች» ይላል፤ ማቴዎስ 13፥33። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው። ባዶ ቡሃቃ ፊት እስክቆም ድረስ ግን «ወስዳ» የምትለዋን አላስተዋልኳትም ነበር። ሴቲቱ እርሾውን ከየት ወሰደችው? ካስቀመጠችበት ነዋ! ያላስቀረች ሴት የምትወስደው ነገር የላትም። ሦስት መስፈሪያውንም ተመልከቱልኝ። አብርሃም በመምሬ ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ሣራን ያዘዛት ዱቄት ይህንኑ ያህል ነው፤ ዘፍጥረት 18፥6። ጌታ የሚናገረው ስለ ትልቅ ቡሃቃ፣ ሰው ስለሚበዛበት ማድ ቤት ነው። ጊዜ ስለተረፋት ብቸኛ ሴት አልተናገረም። ሩጫ የሞላበት ቤት ያላችሁ፣ ይህ ምሳሌ የእናንተ ነው።

እኛ ቀናችንን እንዴት ነው የምንጋግረው? ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተን ቁርስ፣ ዩኒፎርም፣ ምሳ ዕቃ። ከዚያ ሚኒባስ ጥበቃ፣ ሥራ፣ ገበያ። ማታ ደግሞ የልጆች የቤት ሥራ፣ የነገ ሽሮ፣ ያልታጠበ ልብስ። «ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ጸሎት ይቅር» ብሎ የወሰነ ክርስቲያን አላውቅም። ማንም አልወሰነም። ቀኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠርገን እንጋግረዋለን፣ ስንተኛ ቡሃቃው ባዶ ነው።

እኛም ቤት ሆኗል። ዐምና አማቴ ለሳምንት ዘመድ ጥየቃ ወጥተው ነበር። እሳቸው በሌሉበት አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ሁሉም በየሰዓቱ በላ። አንድ ማታ ትንሹ ልጄ እጁን ታጥቦ ሳህኑ ፊት ቁጭ ብሎ አልበላ አለ። «ምነው ማሙሽ፣ አመመህ እንዴ?» ስለው «አልተባረከም እኮ» አለኝ። ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት ማዕዳችንን የሚባርኩት አማቴ ነበሩ፤ እኔ አሜን ባይ ብቻ ነበርኩ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ግብዝነት የሌለበት እምነቱን አስቦ፣ ይህ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያነሣል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበር፤ እርሾውን ያቆዩለት ሴቶቹ ናቸው። አያቲቱ አስቀረች፣ እናቲቱ ተቀብላ አስቀረች፣ ለልጁ ደረሰ። እኔ ግን ሎይድ ቤቴ ስላለችልኝ ኤውንቄ መሆን ያለብኝን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የያዝናት ልማድ ትንሽ ናት። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ልጆቹ ሽታውን ተከትለው ማድ ቤቱን ይሞሉታል። እርሾውን ቀድቼ ለብቻ ካስቀመጥኩ በኋላ፣ በቡሃቃው ጥግ በቀረው ሊጥ አራት እንጎቻ እጋግርላቸዋለሁ። እንጎቻዋ ክዳኑ ሥር እስክትበስል አብረን አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን። ትንሹ ልጄ ዓይኑ ምጣዱ ላይ ነው። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» የምትለው ላይ ስንደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ያቺን ትርጉሟን ያውቃታላ! «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ማለት ለእሱ የምትጨስ እንጎቻ ናት። ልከልክለው? አልከለክለውም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አብርሃም ሣራን ለእንግዶቹ አድርጊ ያላት ራሱ እንጎቻ አይደለም?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የክርስቲያን ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት ብሎ አስተምሯል። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ደግሞ ቤተ ልሔም ይባላል፤ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። እንግዲያው ለትንሿ ቤተ ክርስቲያናችንም ማድ ቤቷ እንደ ቤተ ልሔሟ ናት ብል ያጠፋሁ አይመስለኝም። ሊጥ ስትከፍቱ በስመ አብ ብላችሁ ማማተብን አታስቀሩ። ልጅ ያያል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚቸኩሉ እናቶች፣ ለራሴም ጭምር። እኅቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አንድ ጊዜ በኅዳር ጤፉን በጋራ ገዝተን፣ ከአንድ ጆግ እርሾ ተካፍለን፣ በአንድ ቀን አቦካን። የእሷ በሁለተኛው ቀን ደርሶ ጋገረች። የእኔ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ አራተኛው ቀን ላይ ገና እያንቀላፋ ነበር። በየሰዓቱ እየከፈትኩ ሳይ አማቴ ተቆጡኝ። «አትነካኪው። አልብሺውና ተይው» አሉኝ። ጋቢ ደረብኩበት። ቦካ፤ እንጀራውም ከማንም አላነሰም።

ትልቋ ልጄ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ የያዘችው ገና በጠዋቱ ነው። ተከታዩ ወንድሟ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለጸሎት ስንቆም በሩን ተደግፎ ዓይኑ ውጭ ነው። ስንት ቀን ተጨቃጨቅን! እየከፈትኩ አየሁት፣ እየነካካሁ አቀዘቀዝኩት። እርሾው አንድ፣ ዱቄቱ አንድ፣ እሱ ግን ደጋ ላይ ያለ ሊጥ ነው። ጌታም «ሁሉ እስኪቦካ ድረስ» አለ እንጂ ቀን አልቆረጠም። አሁን ተቆጥቼ ከመጎተት ይልቅ ስሙን እየጠራሁ እጸልይለታለሁ፣ ማታ የሚወደውን ሽሮ አንተክትኬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ገና አልቦካም። እጠብቃለሁ።

እርሾ ሁሉ ግን መልካም አይደለም፤ ጌታ ራሱ «ከፈሪሳውያንና ከሰዱቃውያን እርሾ ተጠንቀቁ» ብሏል፣ ሐዋርያውም ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ እንደሚያቦካ ያስጠነቅቃል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 5፥6። ይህን ያየሁት በራሴ ቤት ነው። አንድ ማታ ትልቋ ልጄ ወጥ ስታማስል ድስቱን ደፋችው። ከሥራ ደክሜ ገብቼ ነበርና «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?» ብዬ ጮኽኩባት። በሦስተኛው ቀን ደጃፍ ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ትንሹ ወንድሟ ውሃ ደፍቶባት «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?» ስትለው። ቃሉ የእኔው፣ ድምፁ የእኔው። ወላጅ ሳያስበውም የሚያስቀረው እርሾ አለ።

የተበላሸ እርሾን ሴቶች እንዴት እንደምናደርገው ታውቃላችሁ። አዲስ ዱቄት ቢጨመርበት አይድንም። ይደፋል፣ ቡሃቃው በፈላ ውሃ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ከዚያ ንጹሕ እርሾ ይፈለጋል። እኔም ልጄን ጠርቼ «ይቅር በይኝ፣ ያልኩሽ ክፉ ቃል ነው» አልኳት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ወደ ንስሐ አባቴም ሄድኩ። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ክብር የሚቀንስ የሚመስላችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ልጄ ከዚያ ወዲህ ወንድሟን ስትቆጣ ቆም ትላለች።

ለማኅበሩ ጠርጌ ከጋገርኩ በኋላ እርሾ ከየት እንዳገኘሁ አልነገርኳችሁም። ለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ በሌሊት ነው የወጣነው። የዚያን ቀን ያቦካሁት ሊጥ ቤት ቀረ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ያልቦካውን ሊጥ ከነቡሃቃው በልብሳቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ ዘጸአት 12፥34። እኛ ልጆቹን ተሸከምን፣ ቡሃቃውን ተውን። ደብረ ብርሃን ደርሰን በሰው ቤት የሰው እንጀራ በላን፤ ያበሉንን እግዚአብሔር ይመግብልን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ሊጡ ሻጋታ ለብሶ፣ ደርቆ ቡሃቃው ላይ ተጣብቋል። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አነባሁ። ቤቱ ቆሞ፣ ሰዉ ሁሉ በሕይወት ተመልሶ፣ እኔን ያስለቀሰኝ ሊጥ ነው።

አጥር የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን አቅም ስላልነበራቸው ከተማውን ለቀው አልወጡም ነበር። ጆግ ይዤ ሄድኩ። «ነይ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ ለመመለሳችሁ» ብለው አቀፉኝና ጆጉን ሞልተው ሰጡኝ። ሳመሰግናቸው «ምኑን ታመሰግኚኛለሽ? የእናንተው እርሾ እኮ ነው። ጎጆ ስወጣ ከአማትሽ ቤት ነው የመጣልኝ» አሉኝ። አማቴን ብጠይቃቸው ረስተውታል። የሰጡት ሰው ረስቶት፣ ስንት ዓመት በሌላ ቤት ተጠብቆ፣ የእኛ ሲጠፋ ተመልሶ መጣልን። በወሎ ሥጋችን ለየብቻ ይታረዳል፤ እርሾአችን አንድ ነው።

ባለፈው ወርም አማቴ «እርሾ አስቀርተሻል?» ብለው ዝም ስላቸው ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጆጉን አንሥተው ሰጡኝ፣ በአገጫቸው ወደ አጥሩ አመለከቱኝ።

ይህን ስጽፍ ሐሙስ ማታ ነው፤ ለቅዳሜ አቡክቼ ከድኜዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ በቅርቡ ያገባች ሙሽራ ተከራይታ ገብታለች፣ ገና ቡሃቃዋን እያሟሸች ነው። ትልቋ ልጄ ጆጉን ታጥባ መጣችና «እማዬ፣ ቅዳሜ ለእሷም ነው አይደል የምናስቀረው?» አለችኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።