የጎማ የፍጥነት ደረጃ ምንድን ነው? ከ300 በላይ ለሚሮጡ

«ጎማው ዋይ ነው፣ 300 ይችላል። እኛ የምንሮጠው 320 ነው። በ20 ምን ይመጣል?»

ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። ስለ ፍጥነት ክብረ ወሰን መኪኖች በተወራ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ ይናገረዋል። አጠገቡ ያለውም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል።

ጎማ ጎን ላይ የተጻፈችው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ እንደምትናገር ሁሉም ያውቃል። ቪ 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የሚረሳው ፊደሏ ብቻዋን አለመቆሟ ነው። ዋይ ጎማ ሙሉ ጭነቱን የሚሸከመው እስከ 270 ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈቀድለት ጭነት እየቀነሰ ሄዶ 300 ላይ 85 በመቶ ይሆናል። ፈተናውም የሚደረገው ቤት ውስጥ፣ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ፣ ጎማው በተወሰነ ንፋስ ተነፍቶ ነው።

የፍጥነት ክብረ ወሰን ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በደረቀ የጨው ሜዳ ላይ ነው። እዚያ የሚሮጥ ተወዳዳሪስ ምን ያደርጋል? መኪናው መሬት ቆንጥጦ እንዲይዝለት ከባድ የእርሳስ ብረት ይጭንበታል። ልክ ነው፣ ጨው ላይ ቀላል መኪና ጎማውን በከንቱ ያሽከረክራል። ግን ጎማው መሸከም የሚችለው በሚቀንስበት ፍጥነት ላይ እሱ ጭነት እየጨመረ ነው። ፊደሏን ያነበበ ሰው ይህን ካላሰላ ምንም አላነበበም።

አሁን ወደዚያች «በ20 ምን ይመጣል» እንመለስ። ጎማን የሚበጣጥሰው በዋናነት መሬቱ አይደለም። የራሱ ክብደት ነው። ወንጭፍ አስቡ። ድንጋዩ በፈጠነ መጠን ገመዱ ይወጠራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ጎማም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ የላይኛው ላስቲክ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ውስጥ ያለው ክርና ሽቦ። ከ300 ወደ 320 ሲኬድ ፍጥነቱ የጨመረው 7 በመቶ ያህል ነው፤ ገመዱ ላይ ያለው ጉተታ ግን 14 በመቶ ያህል ጨምሯል። 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ በ480 ሲሽከረከር ጥርሱ ላይ ያለች አንዲት ግራም ላስቲክ የ5 ኪሎ ያህል ትጎትታለች። አንዲት ግራም!

ስለዚህ «ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ይሻላል» የሚለው ምክር እዚህ ተገልብጦ ይነበባል። ወፍራም ጥርስ ማለት ከባድ ድንጋይ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሠሩ ጎማዎች የላይ ላስቲካቸው ስስ ነው፣ አብዛኞቹም ጥርስ የላቸውም። ያለቀ ጎማ የሚመስላቸው አሉ። ሆን ተብሎ ነው የሳሳው።

የገመዱ ርዝመትም ለውጥ ያመጣል። ድንጋዩ በዚያው ፍጥነት እየሄደ ገመዱ ቢረዝም ጉተታው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል አውስትራሊያ ውስጥ በኤር ሐይቅ ደረቅ ወለል ላይ ብሉበርድ በተባለች መኪናው 648 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ የጎማዎቹ ቁመት 1.3 ሜትር ያህል ነበር። ለማማር አይደለም።

ወንጭፉ የማይነግረን ነገር ግን አለ። ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት ሲነካ ይጨፈለቃል፣ ወዲያው ደግሞ ይለቀቃል። ያ ባለ 70 ሳንቲ ሜትር ጎማ በ480 ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ያደርገዋል። ንፋሱ ካነሰ ጎማው ቅርፁን ለመመለስ ጊዜ ያጣል። መሬቱን ለቆ በሚወጣበት በኩል ሞገድ ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ከዚያ ላስቲኩ ከክሩ ይላቀቃል። የድራግ፣ ማለትም የአጭር ቀጥታ መስመር ሩጫ፣ ጎማ ግጠሙ የሚሉትም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ያ ጎማ ጎኑ ለስላሳ፣ ንፋሱ ትንሽ ነው። የተሠራው ለ402 ሜትር ነው። ቦንቪል በተባለው የአሜሪካ የጨው ሜዳ ላይ ግን ረጅሙ መስመር 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ሌላም አለ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገረው። የጎማው ፍጥነትና የመኪናው ፍጥነት አንድ አይደሉም። ጨው ላይ የሚነዳው ጎማ ይንሸራተታል። የውድድሩ ሰዓት መለኪያ መኪናው 400 ሄደ ሲል ጎማው 430 እየሄደ ሊሆን ይችላል። ጎማ የሚመረጠው ለሁለተኛው ቁጥር ነው። ደግሞም እርጥብ ጨው ጎማ ያቀዘቅዛል። ጨው ላይ የተረፈ ጎማ አስፋልት ላይም ይተርፋል ብሎ መገመት አያዋጣም።

«ታዲያ ከድምፅ ፍጥነት ያለፈው መኪና ምን ዓይነት ጎማ ነበረው?» ምንም። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ብላክ ሮክ በረሃ ላይ ያንን ያደረገው ስረስት ኤስኤስሲ የሮጠው በጠጣር አሉሚኒየም ነው። የሚገፋው ጄት ስለሆነ መንኮራኩሩ መሬት ቧጥጦ መኪና መንዳት የለበትም። ይህ ማለት ግን ላስቲክ 1,000 አይደርስም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በሮኬት የተገፋው ብሉ ፍሌም ጎማ አጥልቆ አልፎታል። ለእሱ ተብሎ የተሠራ ጎማ ነው፣ ከመደርደሪያ የወረደ አይደለም።

ቫልቩንም አትርሱ። በዚያው የ480 ስሌት፣ ከመሽከርከሪያው መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ቫልቭ ውስጥ ያለች አንድ ግራም የ3 ኪሎ ያህል ትጎትታለች። የውስጡ መርፌ ከተከፈተ ንፋሱ ይወጣል፤ የብረት ክዳን የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

የተሠራበትን ቀንም ተመልከቱ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። የክብረ ወሰን መኪና በዓመት የሚሮጠው ጥቂት ቀን ስለሆነ ጎማው ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል። ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ከክሩ ጋር ያለው መያያዝ ይላላል። «ገና አልተነካም» ብሎ የቆየ ጎማ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ እነዚያን አራት አሃዞች አንብቡ።