አረጋውያን ሲስተሮችን መጠየቅ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ልማድ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በካቶሊክ ሲስተሮች (መነኩሲቶች) እጅ ተምረው ያደጉ ሰዎች፣ ሲስተሮቹ አርጅተው ከክፍል ሲወጡ ወደሚኖሩበት ቤት እየሄዱ ይጠይቋቸዋል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ መካኒሳ፣ ወደ አስኮ ወይም ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ነው። እንደ አዲስ አበባው ናዝሬት ትምህርት ቤት ያሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በሴቶች ትምህርት የታወቁ ስለሆኑ ጠያቂዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ መሆናቸው ስለዚህ አያስገርምም።

የካቶሊክ ሚስዮን ወደ አካባቢው የመጣው ከተማዋ ሳትቆረቆር ነው። አባ ማስያስ የተባሉት ጣሊያናዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ጉሌልሞ ማሳያ በምኒልክ ፈቃድ ፊንፊኔ ላይ ጣቢያ ከፍተው ነበር፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ለዛሬው ጥየቃ መሠረት የጣለው ግን የ1936 ዓ.ም. የሚስዮኖች ድንጋጌ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድንጋጌው አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚስዮኖች ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ለሁለት ሲከፍል አዲስ አበባን ክፍት አደረጋት። የማስተማሪያው ቋንቋ በጥቅሉ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚስዮናውያኑም አማርኛ እንዲማሩ አዘዘ። ከባሕር ማዶ መጥተው ዕድሜያቸውን እዚህ የጨረሱ ሲስተር ዛሬ ከተማሪያቸው ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚጨዋወቱት፣ ሲቆጡም በአማርኛ የሚቆጡት በዚህ የተነሣ ነው።

ሲስተሮች ሲመነኩሱ ድህነትን፣ ንጽሕናንና ታዛዥነትን ይሳላሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ቁጥር 668 ደግሞ አንዲት መነኩሲት በሥራዋ የምታገኘው ሁሉ፣ ጡረታም ቢሆን፣ የማኅበሯ ነው ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሲስተር ከሥራቸው ያፈሩት የግል ቤትም ሆነ የባንክ ደብተር የላቸውም። ስጦታ ለቤቱ አለቃ እንጂ ለአንዲት ሲስተር በእጅ የማይሰጠውም ለዚህ ነው።

ሳይደውሉ መሄድ አያዋጣም። ጸሎተ ሰዓታት አለ፣ የቀትር እረፍት አለ። እንግዳ የሚስተናገደው በመቀበያው ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለማኅበሩ አባላት ብቻ የተለየ ስለሆነ አልጋ ላይ የዋሉትን ማየት በአለቃዋ ፈቃድ ይሆናል። የሚወሰደው ነገር ላይ ብዙዎች አያስቡበትም። ስኳር ላለባቸው ሲስተር ክሬም የተቀባ ኬክ ምን ይሠራላቸዋል? ቤቱ የሚፈልገው የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙና፣ ሶፍትና ዘይት ነው።

የመጣው ሰው ማዕረግ እዚያ ቤት ዋጋ የለውም። ሐኪም የሆነች የቀድሞ ተማሪ የግፊት መለኪያዋን አውጥታ ክንዳቸውን ስትጠቀልል፣ ሲስተር በሌላኛው እጃቸው ጣቷን ይዘው የጥፍር ቀለሟን ይመረምራሉ። «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው» ማለት አያድናትም።

ልማዱን የጀመሩት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ናቸው የሚሉ አሉ። ማኅበራቱ አደራጁት እንጂ አልጀመሩትም፤ የታመመ መጠየቅ ለአበሻ ማን ሊያስተምረው ይችላል? ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕሙማንን መጠየቅን ከሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ አድርጋ መቁጠሯ ግን ለአንዳንዶቹ ብርታት ሳይሆን አልቀረም። ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅም ያከራክራል። ደጋፊዎቹ ሌላውን ያነሳሳል ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ አልጋ ላይ ያለ ሰው ለማስታወቂያ አይሆንም ባይ ናቸው፤ እነዚህኞቹ እውነት አላቸው።

ኮቪድ በ2012 ዓ.ም. ሲገባ ለአረጋውያን የከፋ በመሆኑ ጥየቃው በስልክ ሆነ። ዛሬ ያለው ችግር የቀን አመራረጥ ነው። ገናና ፋሲካ ላይ ወንበር እስኪጠፋ ይመጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጭቃው ሲበረታ ደጁን የሚያንኳኳ የለም። ይህን ያዩ ባቾች (በአንድ ዓመት አብረው የጨረሱ ተማሪዎች) ተራ አውጥተው ክረምቱን ይከፋፈሉታል፤ በዓሉን ለሌላው ይተዉታል።